ደጅ አላስወጣህም

መምህር ባንተአምላክ ደግ ሰው ነው። አንድ ክፉ አመል ግን አለበት፤ ግልጽ ነገር አያምንም። አሰላ ውስጥ አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ስለሆነ፣ «ዛሬ ብርድ ነው» ቢሉት እንኳ ወርቁ የት እንደተደበቀ መፈለግ ይጀምራል።

አመሉ ከሁሉ በላይ የጸናው በአንዲት አሮጌ ግጥም ላይ ነበር። ማን እንደገጠማት አይታወቅም፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ግን ጠፍታ አታውቅም። ሚስት ለባሏ እንዲህ ትላለች፦

ቀድሜህ ብሄድ እኔ ወደዚያ አፈር ቤት፣
ማታ ብጠራህም እንዳትለኝ አቤት፤
የሚጠራህ ሌላ፣ እኔ አይደለሁም፣
የምወድህ እኔ ደጅ አላስወጣህም።

ባንተአምላክ ይህችን ሲፈታ ጣቱን ቀስሮ ነበር። «አፍቃሪ ‹አትምጣ› ሲል ‹ና› ማለቱ ነው! የዚህች ሴት ወርቁ፣ በጠራሁህ ጊዜ ሮጠህ ድረስልኝ ነው» ይል ነበር። ሚስቱ አይናለም እቤት ይህንኑ ሲደግመው ስትሰማ ትስቅበት ነበር።

«ሞገሴ፣ ሴትዮዋ አትውጣ ካለች እኮ አትውጣ ማለቷ ነው!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሱም ፍንክች አላለም።

«ሞገሴ» እሷ ያወጣችለት ስም ነው። የአይናለም ቅድመ አያቶች ከሸዋ ይዘውት በመጡት ወግ፣ ሙሽራ ባሏን እናቱ ባወጣችለት ስም አትጠራውም፤ የራሷን ታወጣለታለች። ይህን ስም ከእሷ በቀር የጠራው ሰው የለም። እሷም ብትሆን ሰው ፊት አትጠራውም ነበር።

አይናለም ባለፈው ክረምት ሞተች። ለቀስተኛው ሲበተን ባንተአምላክ እሷ የፈተለችለትን ጋቢ አጥፎ ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ጠረኗ ነበረበትና አልቻለውም። በሕይወት ሳለች፣ ማታ ማታ ወደ ግቢው ብቅ ሲል ከኋላው መጥታ፣ ምንም ሳትናገር፣ ያንን ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል ታደርግለት ነበር። አሁን ቢበርደውም ሣጥኑን አይከፍትም።

ጥቅምት ገባ። አንድ ቀን ጀምበር እንደጠለቀች ጭጋጉ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ዋጠው። ባንተአምላክ ራቱን ሊያሞቅ ሲነሳ፣ ከቆርቆሮው የግቢ በር ውጭ አንድ ድምፅ መጣ።

«ሞገሴ!»

የአይናለም ድምፅ ነው። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር የሚጮኸው ውሻ በዚያ ምሽት ጆሮውን እንኳ አላቆመም። ባንተአምላክ ድስቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ድምፁም ትንሽ ቆይቶ ጠፋ።

በማግስቱ ለጎረቤቱ ለናኢማ ነገራት። ናኢማ ከበሩ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት የአይናለም የልብ ጓደኛ ናት። የምትመዝነውን ስኳር ትታ አፈጠጠችበት።

«ያ ረቢ! መለሱላት እንዴ?»

«ኧረ አፌ ተሳሰረ።»

«እንኳንም ተሳሰረ! ጋሼ፣ ከመግሪብ በኋላ ማን እንደጠራ ሳይታይ አቤት አይባልም። ይሄን እኛም እናንተም እናውቀዋለን። ግዛቸውን ረሱት?»

ግዛቸውን ማን ይረሳል። የሚስቱ ሐዘን ያልወጣለት እህል ነጋዴ ነበር። አንድ ምሽት «አቤት፣ መጣሁ!» ሲል ናኢማ በጆሮዋ ሰምታዋለች። ጠዋት የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እሱ ደጁ ላይ በብርድ ደርቆ ተገኘ። ቀኝ እጁ የሰው እጅ እንደያዘ ተጨብጦ ነበር፤ ሲገንዙት እንኳ ሊዘረጉት አልቻሉም።

«እሷ ባትሆን ያንን ስም ማን ያውቀዋል?» አለ ባንተአምላክ።

«ስም ማወቅና ሰው መውደድ ለየቅል ነው፣ ጋሼ። ወላሂ እንዳይወጡ!»

እሱ ግን ቤቱ ገብቶ ግጥሟን ደጋግሞ አሰላሰላት። የልጅ መዓት ያስተማረው ምን ብሎ ነው? ሮጠህ ድረስ ብሎ አይደለም? ታዲያ ዛሬ ራሱ ሲጠራ አልጋ ሥር ሊደበቅ ነው? ደግሞም ናፍቃዋለች። የሁለት ሰው ዳቦ መግዛቱን ገና አልተወም። ግዛቸው የሄደበት መንገድ እንደሆነም አውቆታል፤ ቢሆንም አላስፈራውም፤ ይህ ራሱ የሚያስፈራ ነገር ነበር።

በዚያው ምሽት ጢሙን ተላጨ። የሠርጉን ከረባት አሰረ። ውሻው ከሥር ከሥሩ እየሄደ የሱሪውን ጫፍ ሲጎትተው በእግሩ ገፋ አድርጎት፣ ጭጋጉን እየሰነጠቀ የግቢው በር ድረስ ሄደ።

«ሞገሴ!» አለ ድምፁ፣ ከቆርቆሮው ማዶ፣ ትንፋሹ እስኪሰማ ድረስ ቀርቦ።

ባንተአምላክ መቀርቀሪያውን ያዘ። አፉን ከፈተ።

«ውጣ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ? ምንም ሳትደርብ፣ እንዲሁ እንዳለህ ና!»

እጁ መቀርቀሪያው ላይ ደነዘዘ። ምንም ሳትደርብ? አይናለም? ሽንት ቤት ደርሶ ለመመለስ እንኳ ያለ ጋቢ የማትለቀው ሴት?

ያን ጊዜ ግጥሟ ገባችው። ወርቅ የላትም። የተደበቀም የላት። አንዲት ባሏን የምትወድ ሴት፣ ሞታ እንኳ ብርድ እንዳይመታው ፈርታ፣ የምትለውን በግልጽ ተናግራ ነበር። እሱ ነው ዕድሜ ልኩን ቃሏን ሲገለብጥ የኖረው። አይናለምን አንድ ቀን እንኳ ባምናት ምን ነበረበት ብሎ አፈረ፤ እፍረቱ ከብርዱ ይልቅ አንቀጠቀጠው።

መዳፉን አፉ ላይ ጫነ። ድምፁ ለመነው፤ አለቀሰ፤ አይናለም በታመመች ጊዜ ታቃስት እንደነበረው አቃሰተ። ያኛው አንጀቱን በላው፤ ግን አልመለሰም። በመጨረሻ ጥፍር የመሰለ ነገር ቆርቆሮውን ከላይ እስከ ታች ፋቀው። ከዚያ የሚሰማ ነገር ጠፋ።

ባንተአምላክ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ቁጭ አለ። ከብርዱ የተነሳ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። ውሻው መጥቶ አጠገቡ ተኛ፤ ከባንተአምላክ ጀርባ በቤቱ በኩል ወዳለው ጨለማም አሻቅቦ እያየ ጭራውን ይቆላ ጀመር።

ትከሻው ላይ አንድ ነገር ጣል ሲል ተሰማው። ለስላሳ ነው፤ ከባድ ነው፤ ይሞቃል። ጠረኑን ያውቀዋል። የሣጥኑ ቁልፍ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር።

ማንም አልጠራውም። እሱ ግን ፊቱን ሳያዞር፣ እንባው ከረባቱ ላይ እየወረደ፣ «አቤት፣ አይናለም» አለ።