የአቶ ቸሩ ትርፍ ደም

ነገር መጠየቅ አይታክተኝም። በመተማው ጤና ጣቢያ ክንድ ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ የደም ግፊት የምለካው እኔ ባየሽ ነኝ፤ ለክቼ ዝም ማለት ግን አልችልበትም። «ይህ በሽታ ከምን የመጣ ይመስልዎታል?» እላለሁ። አንዷ ከምች ትለኛለች፣ ሌላው ከንዴት። አንዱማ ወደ በሩ ገልመጥ ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከስብሰባ» አለኝ። ከጨው ወይም ከትምባሆ ያለኝ አልነበረም።

አቶ ቸሩ ከኮኪት የመጡ ሰሊጥ አራሽ ናቸው። «ደም ብዛት አለብዎ» ስላቸው ፊታቸው በራ። ወባ ሰውን እየመጠጠ በሚያገረጣበት ቆላ፣ ደምዎ በዛ መባል ምርቃት ነው መሰል። ኪኒን ሰጠኋቸው፤ ጨው ግፊቱን ስለሚያባብስ ይቀንሱ ብዬም አስጠነቀቅኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ሲመለሱ ግፊቱ ብሶ፣ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ነበር። ደነገጥሁ።

«ኪኒኑን ወሰዱት?»

«ወሰድሁት እንጂ።»

«ዋጡት ወይ?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። ሚስታቸው ውባንች መውለጃዋ ተቃርቦ ከግቢው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣለች።

«ባለፈው ስትወልድ ደሟ ፈሶ ከሞት አፍ ነው የተረፈች» አሉ። «አሁንም ደም ማነስ አለባት ያላችሁ እናንተው ናችሁ። ለኔ ደግሞ በዝቶልኛል። ኪኒኑ ከቀነሰብኝ ምኑን ላካፍላት ነው፣ እታለም? ጨው ያባብሰዋል ስትይኝማ እንዲያውም ጨመርሁበት።»

ሳቄ መጣ፤ ውባንችን በመስኮቱ ሳያት ግን ዋጥሁት።

«የበዛው ደምዎ አይደለም፣ ጋሼ» አልኋቸው። «ደምዎ እንደማንም ሰው ነው። መተላለፊያው ሲጠብ ግፊቱ ይበረታል፤ ልብ ይደክማል፣ ሲብስም ሰው በቁሙ ይወድቃል።»

«ታዲያ ለምን ብዛት አላችሁት?»

ስንቱን ጠይቄ ይህችን ጥያቄ ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

«እንግዲያ ትርፍ የለኝም» አሉ።

«ውባንችን ሳትወልድ ጎንደር እንልካታለን፤ ደም ካስፈለጋትም እዚያ ይሰጣል። የርስዎ ከሷ ጋር ከተስማማ ሊለግሱ ይችላሉ። ግፊትዎ እንዲህ እያለ ግን አንዲት ጠብታ አይቀዱልዎትም። መጀመሪያ መውረድ አለበት።»

አቶ ቸሩ የጋቢያቸውን ጫፍ ፈቱ፤ የሰጠኋቸው ኪኒን አንድ ሳይጎድል እዚያ ተቋጥሯል። ውሃ እንዳቀብላቸው በእጃቸው አመለከቱኝ።

«ሁሉንም ባንዴ ብውጠው ቶሎ ይወርድልኛል?»

ኪኒኑን ከጋቢው ጫፍ አፈስሁና አንዷን ፍሬ ብቻ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥሁ። እስኪውጧት ድረስ ከአጠገባቸው አልተነሣሁም።