ቆራጩ ቃል ሲቆርጥ

ይህ ታሪክ ከጥግ እስከ ጥግ እውነት ነው። አንዲት ነገር የጨመርኩበት እንደሆነ ምላሴ እዚሁ ይተሳሰር። የስፌት መኪኖቹ አፍ ቢኖራቸው እነሱም ይመሰክሩልኝ ነበር።

በአንድ የሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ጨርቅ ቆራጭ ነበር። በመቀስ ብቻ ሳይሆን በነገርም ቆራጭ ነው፤ አንዴ «ነው» ካለ፣ ነው፣ አለቀ። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አቋርጧል፤ እሱን ብትጠይቁት ግን «ትምህርቱ ነው ጥሎኝ የሄደው» ይላችኋል። አንድ ቀን የሴት ልጁን የእንግሊዝኛ ደብተር ገልጦ ስለ ቅጥያ የተጻፈች አንዲት ገጽ አነበበ። ጉዱን ሁሉ ያፈላችው ያቺ ገጽ ናት።

«እንግሊዝኛ ማለት ሸሚዝ ነው» አለ በማግስቱ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ለተሰበሰቡት ሰፊዎች። «መሀል ላይ ገላው አለ። ከፊቱ ኮሌታ፣ ከኋላው ጭራ ትቀጥሉለታላችሁ። ‹ሃፒ› ደስተኛ ነው፤ ‹አን› የምትል ኮሌታ ስትገባበት ‹አንሃፒ›፣ ደስታው ጠፋ። ‹ሆፕ› ተስፋ ነው፤ ‹ለስ› ስትቀጠልበት ‹ሆፕለስ›፣ ተስፋ ቢስ። ‹ሪ› ደግሞ እንደገና ማለት ነው። ቋንቋው ይኸው ነው!»

«ታዲያ ሰው ለዚህ ነው አሥራ ሁለት ዓመት የሚማረው?» አሉ ቁልፍ የሚተክሉት አሮጊት።

«መቀስ አልያዘማ፣ እማማ!»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሙ «ቅጥያ» ሆኖ ቀረ። ቤቱም ሲገባ አላረፈም፤ ጠግቤያለሁ ለማለት «አን-ራበኝ» ይል ጀመር። እዚያው ፋብሪካ ሰባተኛው መኪና ላይ የምትሰፋው ሚስቱ «ይኼ ሰውዬ ሊያብድ ነው» ብላ እየሳቀች ተወችው።

የሠራተኛው ውል ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ባሕር ማዶ ካሉት ባለቤቶች አንድ ቅጽ መጣ፤ ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ። የመረጠው ሳጥን ላይ ምልክት ያላደረገና ያልፈረመ ከሰኞ ጀምሮ ቤቱ ይቀመጣል ተባለ። ተቆጣጣሪው ቅጹን አድሎ ወደ መጋዘን ሮጠ። የክፍሉ አሥራ ስምንት ሰው በሙሉ ወደ አሥራ ዘጠነኛው፣ ወደ ቅጥያ ዞረ።

ቅጥያ ቅጹን እንደ ጨርቅ ዘርግቶ በጣቱ ለካው።

«የመጀመሪያው ሳጥን ‹ኤክስቴንድ› ይላል። ኤክስ ማለት የቀድሞ ነው፤ የተፋቱትን ሚስት ‹ኤክስ› ይሏት የለ? እዚህ ላይ ምልክት ያደረገ የቀድሞ ሠራተኛ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው ‹ሪ-ሳይን›። ሪ እንደገና፣ ሳይን መፈረም። እንደገና እንፈርማለን! እዚህ ነው እጃችሁን የምታሳርፉት።»

«ከታች ያለውስ?» አለች ሚስቱ።

«‹ሪ-ኤ-ሰን›። ሪ እንደገና፣ ኤ አንድ፣ ሰን ወንድ ልጅ። ስለ ወንድ ልጆቻችን ደግመን እንድንጽፍ ነው።»

«እኔ ወንድ አልሰጠኝም» አሉ አሮጊቷ።

«እሱኑ ይጻፉት፣ እማማ።»

ሁሉም ጻፈ፤ ፈረመ። ተቆጣጣሪው ሳያየው ሰብስቦ ወሰደው።

ማታ ቅጥያ ጀብዱውን ለልጁ ሲያወራ ልጅቷ እርሳሷ ከእጇ ወደቀ።

«አባዬ! ‹ሪዛይን› ነው እኮ የሚባለው! ሥራ መልቀቅ ማለት ነው! ውል ማራዘሙ ‹ኤክስቴንድ› ነበር! የታችኛውም ‹ሪዝን› ነው፣ ምክንያት!»

«ሪ እንደገና አይደል እንዴ?»

«ሁሉ ‹ሪ› ቅጥያ አይደለም። ገጹን ብትገልጠው ኖሮ ከጀርባው ‹ተጠንቀቁ› ይላል!»

 ሚስቱ «አሥራ ዘጠኝ ሰው! እኔን ጨምሮ!» አለችና ትራሷን አንስታ ወደ ልጇ አልጋ ስትሄድ በሩ ላይ ዞር አለች። «አን-ባል!»

ቅጥያ ዓይኑ ሳይከደን ነጋ። በጠዋት ከሁሉም ቀድሞ የፋብሪካው በር ላይ ቆመ፤ የሥራ አስኪያጁ እግር ላይ ወድቆ «ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው» ሊል ነው። ሰፊዎቹ አንድ በአንድ ሲመጡ እውነቱን ነገራቸው። የሰደበው ሰደበው፤ ያለቀሰው አለቀሰ። 

በዚህ መሀል ሥራ አስኪያጁ ቅጾቹን እንደ ማራገቢያ እያርገበገበ፣ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ብቻ፣ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

«ሦስት ሺህ ሸሚዝ ሐሙስ ሊጫን አሥራ ዘጠኛችሁም ልትለቁ? ስለ አምላክ!» አለ። ቅጥያ አፉን ሲከፍት በእጁ ከለከለው። «ቆይ! ምክንያታችሁን አንብቤዋለሁ። ‹ሁለት፤ ትንሹ እንደ እንግዳ ነው የሚያየኝ።› ‹ሦስት፤ ስገባ ሁሌ ተኝተዋል።› ‹ወንድ አልሰጠኝም፤ አምስት ሴቶች፣ ራት አብረን በልተን አናውቅም።›» ድምፁ ሰለል አለ። «እኔም እኮ ልጅ አለኝ። ማምሸት ቀርቷል፤ ከዛሬ ጀምሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የስፌት መኪናው ሁሉ ይጠፋል። እባካችሁ፣ አዲስ ቅጽ አምጥቻለሁ፣ እንደገና ፈርሙልኝ!»

 አሮጊቷ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሳቁ ከአፍ ወደ አፍ ተዛመተ። ቅጥያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ሚስቱ አጠገቡ መጥታ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«ታዲያ ምን አልኩሽ?» አላት ቀስ ብሎ። «እንደገና እንፈርማለን አላልኩም?»

«ሪ-ባል» አለችው።

ከላይ እንደማልኩት ሁሉም እውነት ነው። ምላሴ ሲከብደኝ ስለተሰማኝ ብቻ አንዷን ልናዘዝ፤ ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ጫማውን አድርጎ ነበር።