የደምሴ እጅና የኩምሳ ማሽን

ደምሴ ኦክላንድ ውስጥ፣ ከሌክ ሜሪት ሐይቅ ብዙም በማይርቅ የመኪና ማጠቢያ ላቫጆ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መኪና ዋክስ ሲያደርግ ማሽን ነክቶ አያውቅም። ሰሙን በትንሽ ስፖንጅ እየጠቀሰ፣ ክብ ክብ እያዞረ ይቀባል፤ ደርቆ ጉም ሲመስል በለስላሳ ፎጣ ያነሣዋል። አንድ መኪና ግማሽ ቀን ይወስድበታል። የላቫጆው ባለቤት አቶ ተክለጻድቅ አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ደምሴ እጁ መድኃኒት ነው» ይሉ ነበር። ደምሴ ይህን ሲሰማ ያልሰማ መስሎ ያጎነብሳል እንጂ፣ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለምሥጢር ሳይነግራት አይቀርም።

ኩምሳ የመጣው በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት የጸደይ ወራት ነው። በዲቪ ገብቶ አንድ ዓመት ሳን ሆዜ ከተማ፣ የመኪና ገላና ቀለም በሚጠገንበት ቦዲ ሾፕ ውስጥ ሠርቷል፤ ሚስቱ ኦክላንድ ሥራ ስታገኝ ተከትሏት መጣ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጠን ያለ፣ ሲሠራ መዝሙር የሚያንጎራጉር ሰው ነው። የራሱን የፖሊሽ ማሽን በፎጣ ጠቅልሎ ይዞ ገባ። በመጀመሪያው ቀን አቶ ተክለጻድቅ የቤተ ክርስቲያናቸውን ፓስተር ጥቁር ቶዮታ ሰጡት። በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረሰው።

ደምሴ «እስቲ ፀሐይ ላይ እንየው» አለና ራሱ ነድቶ አወጣው። ማሽን የሚተወውን ክብ ክብ ጭረት ፍለጋ አንገቱን እያዘመመ መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረው። አላገኘም። በሩ ላይ የራሱ ፊት ጥርት ብሎ ታየው፤ የኮሶ ፊት ሆኗል።

«ደህና ነው» አለ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ኩምሳ ለምስክርነት ተነሣ። ጌታ ሥራ ስለሰጠው አመሰገነና፣ «ወንድም ደምሴንም ጌታ ይባርከው፤ እንደ ታላቅ ወንድም ነው የተቀበለኝ» አለ። ሰው ሁሉ ወደ ደምሴ ዞሮ አሜን አለ። ደምሴ እስከዚያ ቀን ለኩምሳ ያሳየው ነገር ቢኖር የውሃውን መዝጊያ ብቻ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ምሥጢር፣ «የፓስተሩን መኪና አየህልኝ? መስታወት እኮ ነው የሆነው!» አለችው።

«አይቼዋለሁ።»

«የእኛንም አንድ ቀን ነካ ቢያደርግልን ምናለበት?»

ደምሴ ቤት እስኪደርሱ ከፊቱ በዘገየ መኪና ሁሉ ላይ ጡሩምባ ነፋ። ምሥጢር የመንገዱ መጨናነቅ ያበሳጨው መሰላት።

ቅናቱ ውሎ አድሮ ባሰበት። ስልክ ተደውሎ «ኩምሳ አለ?» ሲባል «ሥራ ላይ ነው» ብሎ ይዘጋል። የማሽኑ ድምፅ ሲነሣ ሥራውን ትቶ ያዳምጣል፤ ድምፁ ሲቆም ኩምሳ አንድ መኪና እንደጨረሰ ያውቃል፤ እሱ ገና የመጀመሪያው በር ላይ ነው። ኩምሳ ከምሳው ቆርሶ «ጋሽ ደምሴ፣ በሞቴ» ሲለው እምቢ ይላል። አቶ ተክለጻድቅ ስለ እጁ ማውራቱን ትተው፣ «አሁን እኮ ማሽን አለን» ማለት ጀመሩ። አንዳንድ ጠዋት ደምሴ ወደ ሥራ ሲነዳ ሰማዩን እያየ፣ ምነው ዝናብ ጥሎ ሁላችንም ሥራ ፈት በሆንን ይል ነበር።

ወይዘሮ ካሳነሽ ግን መኪናቸውን ከደምሴ በቀር ለማንም ሰጥተው አያውቁም። የአረጋውያን ነርስ ናቸው። ጥቁር ሰማያዊዋን አሮጌ መርሴዲስ የገዟት ያስታምሟቸው ከነበሩ ሴትዮ ነው። ወፍ እንዳያበላሽባቸው ዛፍ ሥር አያቆሟትም፤ ለዚህ ሲሉ ሐይቁን ሁለቴ ቢዞሩም አይሰለቻቸውም። በነሐሴ አንድ ሐሙስ እሳቸውም መጡ።

«ቅዳሜ የእህቴ ልጅ እዚሁ አጠገባችን ዳብሊን ከተማ ታገባለች። ሙሽራዋ የምትሄደው በዚች ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደምሴ፣ እንዳትቀየመኝ። ዛሬ ያ አዲሱ ልጅ ይሥራልኝ። የፓስተሩን መኪና አይቼ ልቤ ከጀለ።»

«ምን ያስቀይመኛል፣ እትዬ» አለ ደምሴ። ጆሮው እስኪግል ደሙ ፈላ።

ኩምሳ መኪናዋን አጥቦ አደረቃትና ኮፈኗን በመዳፉ ዳሰሰ። ማሽኑን ከማብራቱ በፊት ወደ ደምሴ መጣ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይቺን የምታውቃት አንተ ነህ። የድሮ ቀለም ነው፤ ከላይ መከላከያ ቅብ የለውም። የሳሳ ቦታ አላት?»

ነበራት። ከሁለት ዓመት በፊት የወፍ ኩስ ኮፈኗ መሀል ያለውን ሸንተረር በልቶት ነበር። ደምሴ እድፉን ለማውጣት በሻካራ ፖሊሽ፣ በዚያው በተመሰገነ እጁ፣ ፎጣው ሰማያዊ እስኪሆን ፈተገው። እድፉ ጠፋ፤ ቀለሙም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ። ለወይዘሮ ካሳነሽ አልነገራቸውም። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ ሲደርስ እጁን ቀለል አድርጎ ያልፋል። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

«ምንም የላትም» አለ። «ሥራ።»

ሌላ መኪና ውስጥ ገብቶ ወንበር የሚጠርግ መሰለ። ማሽኑ ተነሣ። ከጎማው በላይ ባለው በግራው ፓራፋንጎ በኩል ሲሄድ፣ ከዚያም ወደ ኮፈኑ ሲሻገር ሰማው። ወጥቶ «ቆይ!» ለማለት ጊዜ ነበረው። እጁን የመኪናው በር ላይ አድርጎም ነበር። ነገር ግን ሙሽራዋ ኩምሳ መስታወት ባስመሰላት መኪና ውስጥ ተቀምጣ፣ ሰው ሁሉ «ማነው የሠራት?» ሲል በዓይኑ መጣበት፤ እጁን መለሰ።

ማሽኑ በድንገት ቆመ።

«ውይ፣ ጌታ ሆይ!» አለ ኩምሳ።

ሸንተረሩ ላይ ጣት የሚያህል ቦታ ቀለሙ ተቃጥሎ ከሥሩ ያለው ግራጫ ወጥቷል። አቶ ተክለጻድቅ ከቢሮ ሮጠው መጡና ጮኹ። ወይዘሮ ካሳነሽ አልጮኹም፤ ግራጫውን ቦታ በጣታቸው ነኩት። ኩምሳ ማንንም አልወነጀለም። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሸንተረሩን በፕላስተር መሸፈን ነበረብኝ» አለ። የዚያኑ ዕለት ማሽኑን በፎጣው ጠቅልሎ፣ ሥራውን ትቶ ሄደ። ሙሽራዋም በተዋሱት ነጭ መኪና ተሞሸረች።

ደምሴ ደስ አለው። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ በልቶ ጠገበ፣ ተኝቶ አደረ። ደንበኞች ወደ እሱ ተመለሱ። ኩምሳ እንደገና ሳን ሆዜ እየተመላለሰ እንደሚሠራ ሲሰማም፣ «ደግ፣ እንጀራውን አገኘ» ብሎ ለራሱ ነገረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወይዘሮ ካሳነሽ ኮፈኗን አስቀብተው መጡ። ቁልፉን በሁለት እጃቸው ለደምሴ ሰጡት።

«ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ ልጄ። ዘጠኝ ዓመት ያገለገለኝን እጅ ትቼ አዲስ ነገር አማረኝ። ይቅር በለኝ።»

ደምሴን ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«እትዬ፣ ቦታው እንደሳሳ አውቅ ነበር» አለ። «ያሳሳሁትም እኔ ነኝ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት። ልጁ ጠይቆኝ ደበቅኩት።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስትስቅልኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ ካሳነሽ። ቁልፉን ከእጁ ላይ አነሡና መኪናቸውን ይዘው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ላቫጆ አልመጡም።

ደምሴ ለአቶ ተክለጻድቅም ነገራቸው። እሳቸውም ሥራውን ባይነሡትም፣ ለብዙ ወራት ከሰላምታ ያለፈ ቃል አላወጡለትም። በቀጣዩ የዕረፍት ቀኑ ደምሴ የ880ን አውራ ጎዳና ይዞ፣ የፍሪሞንትን ከተማ አልፎ ሳን ሆዜ ወረደ። ኩምሳን ያገኘው ጎማ ሲያጥብ ነው። ማሽኑን ዙሪያውን ቢፈልገው አላየውም።

«ማሽንህስ?»

«አላበራሁትም። እጄን ፈራሁት» አለ ኩምሳ። «ጠቆር ያለ መኪና ሳይ ይንቀጠቀጣል። እዚህም ሰምተዋል፤ ጎማና ወንበር ብቻ ነው የሚሰጡኝ።»

ደምሴ ሁሉንም ነገረው። ኩምሳ ውሃውን ዘግቶ ሰማው።

«ለምን?»

ደምሴ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀውን ማብራሪያ ተወው። «ቀናሁብህ» አለ።

ኩምሳ እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ጉባኤ ፊት ስምህን ጠርቼ አመስግኜሃለሁ፣ ጋሽ ደምሴ። ዛሬ ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ ውሸት ይሆናል።»

«አውቃለሁ።»

«ይልቅ ለእኔ የነገርከኝን ለአሠሪዬ ንገርልኝ።»

የቦዲ ሾፑ ባለቤት ቬትናማዊ ናቸው። ደምሴ ቢሮ ገብቶ ኮፍያውን አወለቀና በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ «ኢት ዋዝ ሚ። ኖት ኩምሳ» ብሎ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ መናገር ጀመረ። ሰውዬው ሁለት ጊዜ አስደግመውት ሲገባቸው ወጡና ለኩምሳ እንዲሞክርበት አንድ የተጣለ ጥቁር የመኪና በር አሳዩት። ኩምሳ ማሽኑን ከራሱ መኪና የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አወጣ። የበሩን ጫፍ በፕላስተር ሸፍኖ ሁለቴ ተነፈሰ። ከዚያ ማሽኑ ዘመረ፤ ከደበዘዘው ቀለም ውስጥ ጥቁሩ እንደ ውሃ ወጣ።

ደምሴ ቆሞ አየ። ያው ቅናት አልሞተም። እሱ በግማሽ ቀን የማያወጣው ውበት እዚያ ፊቱ ነበር። ሊሄድ ዞሮ ነበር፤ ተመልሶ ማሽኑ እስኪቆም ጠበቀ።

«አምሯል» አለ፣ ሰውዬውም እንዲሰሙ ጮክ ብሎ። ኩምሳ ቀና ብሎ አየውና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።