የዶኛ ኤርሚንያ ቢጫ ፎጣ

ማቲልዴ ሮካ ሁለት ልቦለዶች አሳትማለች፤ ያነበባቸው ሰው ጥቂት ነው። የምትተዳደረው የቴሌቪዥን ድራማ በመጻፍ ነው፤ ያንን ደግሞ በምትኖርበት በቦኤዶ ሰፈር ውስጥ የማያይ የለም። ማክሰኞ ጠዋት ደረጃውን ስትወርድ የሕንፃው ዘበኛ ኤውሴቢዮ የማቴ ሻይ ኩባያውን እንደያዘ መንገድ ዘጋባት።

«ሴኞራ ማቲልዴ፣ ትናንት በሳቅ ገደሉን እኮ! ባሏ ሲወጣ ለውሽማዋ በረንዳ ላይ ቢጫ ፎጣ የምትሰቅለው ሴትዮ ጎረቤታችን ዶኛ ኤርሚንያ አይደሉም?»

«ፎጣው ብቻ ነው የሳቸው» አለች ማቲልዴ እየሳቀች። «ውሽማውን ከራሴ ነው ያመጣሁት።»

«ምን ይታወቃል! ከሚስቴ ወንድም ጋር ነበር ያየነው። ስቆ ስቆ ሲጨርስ ‹የትኛው በረንዳ ነው?› አለኝ። ፖሊስ አይደል፣ ሳይጠይቅ አያድርም።»

«እና አሳዩት?»

«ምን ችግር አለው? አሳየሁት።»

ማቲልዴ መሳቋን ተወች። ወታደሮቹ ሥልጣን ከያዙ ዓመት አልፏል። ሰው ከየቤቱ ይወሰዳል፤ የተወሰደ ሰው ስሙ ጮክ ተብሎ አይጠራም። ቢሆንም ፎጣ ፎጣ ነው ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ዶኛ ኤርሚንያ በሯን አንኳኩ። ገብተው በሩን በጀርባቸው ዘጉት። አላለቀሱም፤ ከንፈራቸው ግን ነጥቷል።

«ማነው የነገረሽ?»

«ምኑን?»

«የፎጣዬን ነገር።»

«ማንም። ሐሙስ ሐሙስ በኩሽናዬ መስኮት አየዋለሁ። እኔ እኮ... ወንድ የያዙ መስሎኝ ነበር።»

«በስልሳ ሦስት ዓመቴ! ምነው ባደረገው!» ሳቅ ቃጥቷቸው ተዉት። «ሊዲያ ናት፣ ልጄ።»

ለጎረቤት የተነገረው ሊዲያ ኮርዶባ ከተማ ሄዳ ትማራለች ተብሎ ነው። ኮርዶባ አልነበረችም። እዚሁ ከተማ፣ እናቷ እንኳ በማያውቁት ቤት ከወታደሮቹ ተደብቃለች። ሐሙስ ቀትር ላይ በመንገዱ ማዶ ታልፋለች፤ ፎጣው ካለ ደረጃውን ወጥታ ምሳ ትበላለች፣ ከሌለ ሳትቆም ትሄዳለች።

«ትናንት ማታ አንድ ፖሊስ በረንዳዎን ጠይቆ አይቷል። እንግዲያው አይስቀሉታ!»

«ተሰቀለም አልተሰቀለም ለማየት ቀና ትላለች። እነሱ የሚጠብቁት ደግሞ ቀና የምትለዋን ነው።»

«ሰው ልከው አትምጪ ቢሏትስ?»

«የት ብዬ?»

ረቡዕ ጠዋት ታርጋ የሌላት መኪና ዳቦ ቤቱ ፊት ቆመች። ውስጧ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ዳቦ አልገዙም። ማቲልዴ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ አወረደች። ሮሳሪዮ ከተማ የምትኖር እህት አላት፤ ባቡርም አለ። ከዚያ ሻንጣውን መልሳ ሰቀለችው። ጀግንነት ይዟት አይደለም፤ እሷ ከሸሸች ፎጣው ፎጣ ብቻ እንዳልሆነ መመስከሯ ነው።

ሲጋራ ለኮሰች፤ ክብሪቱ ጣቷን አቃጠላት። ቀና ማለት የሚያስይዝ ከሆነ መንገዱ ሁሉ ቀና ይበል! ተነሥታ ውሸቷን ይዛ በር በበር ዞረች።

«ነገ ቀትር ላይ ከመጽሔት ፎቶ ሊያነሡን ይመጣሉ፤ ድራማው የተጻፈበት ሕንፃ ብለው። ቢጫ ፎጣ ያለው ሁሉ ይስቀል።»

«ቢጫ ባይኖረኝስ?» አለች የጥርስ ሐኪሙ ሚስት።

«አንሶላም ይሁን፣ የጠረጴዛ ልብስም ይሁን።»

«እኛስ እንታያለን ወይስ ፎጣው ብቻ?»

ኤውሴቢዮ ፀጉሩን ሊቆረጥ ወዲያው ሮጠ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ቢጫ ለበሰ። አላፊ አግዳሚው እየቆመ ያንጋጥጣል፣ ይጠቋቆማል። የአውቶቡሱ ሾፌር እንኳ ፍሬን ይዞ አንገቱን አወጣ። መኪናዋ ውስጥ ያሉት ሰዎች ማንን እንደሚያዩ ግራ ገባቸው። ዶኛ ኤርሚንያ መስኮቱን ዘግተው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ማቲልዴ የሳቸው በረንዳ ላይ ቆማለች፤ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል።

ቡኒ ካፖርት የለበሰች ሴት ከማዕዘኑ ብቅ አለች። አረማመዷን ማቲልዴ አወቀችው። ሊዲያ ገና ከሩቅ ያን ሁሉ ቢጫ አየች፤ ምልክቱ እንደተነቃበትም ወዲያው ገባት። አንገቷን ደፍታ እርምጃዋን አፈጠነች።

መንገዱ ሁሉ አንጋጧል፤ አንዲት ሴት ብቻ አቀርቅራለች። ማቲልዴ ይህን አላሰበችውም ነበር። የመኪናዋ በር ተከፈተ።

«አንቺ ባለ ካፖርት!» ብሎ ጮኸ ኤውሴቢዮ ከደጃፉ። «አንገትሽን ተቀጨሽ እንዴ? ቀና በይ እንጂ፣ ፎቶ ነው!»

መንገዱ በሳቅ ተሞላ። አውቋት ይሁን ሳያውቃት ማቲልዴ ኋላም አልጠየቀችውም። ሊዲያ ቀና ብላ እንደማንኛውም ሰው ሳቀች፣ ለማንም ሳይሆን እጇን አወዛወዘች፣ መንገዷን ቀጠለች። ከመኪናዋ የወረደው ሰውዬ እግሩን አፍታታ፤ ዳቦ ቤት ገባ። እሷ በማዕዘኑ ታጠፈች።

ማቲልዴ ወደ ውስጥ ገባች። «አለፈች።»

ዶኛ ኤርሚንያ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ከዚያ «ከስታለች?» አሉ።

ማቲልዴ ለማስታወስ ሞከረች። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ሰውን በማየት፣ ያላየችውንም በመፍጠር ነው። የመኪናዋን በር እጀታ ታስታውሳለች፤ አስፋልቱን የረገጠውን የተወለወለ ጫማም ታስታውሳለች። የሊዲያ ፊት ግን የለም።

«አላውቅም» አለች። «የመኪናዋን በር ነበር የማየው።»

ዶኛ ኤርሚንያ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት ሳህን አወጡ። «ዶሮው ለሁለት ሰው ነው የተሠራው። ተቀመጪ።»

ከታች አንዱ «ፎቶ አንሺው የት ቀረ?» እያለ ይጮኻል። የመኪናዋ ሞተር አልተነሣም። ሁለቱም ጆሯቸውን ወደ ደረጃው ጥለው በሉ።