የላህ ግዝት

በሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ ከሰከላ በላይ ያለው ጋራ ጎኑን ጣለ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ጉሙ ሲገለጥ እጅጉ ከጎጆው ወጥቶ ቁልቁል ቢያይ፣ ላህ ወንዝ ከምንጩ ብዙ ሳይርቅ በአፈርና በዛፍ ተደፍኖ፣ ከላይ ቡናማ ሐይቅ ሠርቶ ተኝቷል። ከናዳው በታች ያለው የወንዙ መሄጃ ድንጋዩ ፈጦ ቀርቷል።

እጅጉ አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ጦርነቱ ያስመለሰው ልጅ ነው። አርበኞች በቡሬ መንገድ ከጣልያን ካሚዮን ሁለት ሬዲዮ ማርከው ሰው ሁሉ ሊነካቸው ሲፈራ፣ «ለኔ ስጡኝ» ያለ እሱ ነው። አንዱን እዚህ ጋራ ላይ ተከለው። ሁለተኛውን ታች ላህ መሻገሪያ አፋፍ ላይ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ካለችበት ሳይርቅ፣ ለንግሥቴ ሰጣት። አባቷ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ስለ ነበር ረጅሙንና አጭሩን ምት ከልጅነቷ ታውቀዋለች።

ደመወዝ የላቸው፣ የቀጠራቸው የለ። አውሮፕላን ሲመጣ፣ ተስቦ ሲገባ፣ አንበጣ ሲወርድ ከላይ ያለው ለታች፣ ከታች ያለው ለላይ ይነግራል። ከዚያ ወሬው ለፊታውራሪ አድማሴ ይደርሳል። ጣልያን ከምሽጉ በማይወጣበት አገር ሁሉ ዳኛውም ገዡም ፊታውራሪው ናቸው።

ሬዲዮው ለማዳመጥ ባትሪ ይበቃዋል። ለመላክ ግን እጀታ ያለው ሣጥን አለው፤ አንድ ሰው ሳያርፍ ካላዞረው ትንፍሽ አይልም። የሚያዞረው ሙጬ ነው፤ ክንደ ብርቱ ገበሬ፣ አፉም እንደ ክንዱ። ያገሩ ሰው ሣጥኑን «የሙጬ ወፍጮ» ይለዋል። ቄስ ገብረሰንበትም አይተውት፣ «በዓመት በዓል እህል አይፈጭም፤ ይኸም አይዞርም። ማዳመጥ ግን ሥራ አይደለም» ብለው ገዝተዋል። ስለዚህ በበዓልም ቢሆን ቀትር ላይ ሁለቱም ያዳምጣሉ፣ ማንም ግን አይናገርም።

«ሙጬ! ና እስቲ እይ!»

ሙጬ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ቁልቁል አየና እጁን አጨበጨበ።

«እሰይ! ገብርኤል የኔ ጌታ!»

«ምኑ ነው እሰይ?»

«ላህ ደረቀ እኮ! አቻምየለሽ ትሻገራለች!»

አቻምየለሽ ሚስቱ ናት። ሁለት ልጅ ቀብረው ሦስተኛውን ለገብርኤል ተስለው አገኙት። ዘንድሮ ስለቱን ልታገባ ልጁን አዝላ ላህ ዳር ወዳሉት ወላጆቿ ወርዳለች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ ነው። «ውኃው ከሞላ ከወዲህ ሆኜ እሳለማለሁ» ብላው ነበር የሄደች።

«ታች ያለው ሰውስ እንዳንተ ነው የሚለው?» አለ እጅጉ።

«ታዲያስ! ገብርኤል ከፈለልን እያለ፣ እልል እያለ ነዋ የሚሻገር!»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ታቦቱ ገብቶ፣ ጠበል ጠዲቁን ቀማምሰው…»

ሙጬ አፉ ላይ ያለውን ሳይጨርስ ዞሮ ሐይቁን አየው። ቅድም ከውኃው በላይ የነበረ አንድ የኮሶ ዛፍ አሁን ጫፉ ብቻ ቀርቷል።

«አፈር እኮ ነው ሙጬ» አለ እጅጉ። «ውኃው አናቱን አለፈ ማለት ሁሉንም ይዞት ይወርዳል። ቀትር ደርሷል፤ ንግሥቴ አሁን ታዳምጣለች። እጀታውን ያዝልኝ።»

«አልይዝም።»

«ምን አልህ?»

«በዛሬ ቀን አልይዝም።»

«ጋራው በነገታው ቢናድ በነገታው እለምንህ ነበር።»

«አንተ ምን አለብህ! ልጅ የለህ። እኔ ከሱ ለምኜ ነው ያገኘሁ። በገዛ ቀኑ ግዝት ጥሼ የሰጠኝን ቢወስድብኝ ማንን ልከስ ነው?»

እጅጉ ገብቶ በግራ እጁ እጀታውን፣ በቀኝ እጁ ምቱ የሚመታበትን መምቻ ያዘ። ማሽኑ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። እንደ ገና ሞከረ። ሙጬ በሩ ላይ ቆሞ ያየዋል፤ ጣቶቹ የጋቢውን ጥለት ይፈታትላሉ።

«አንድ እንጨት አይነድም ይሉሃል ይኸ ነው» አለ፣ ለመቀለድ ያህል።

«ታዲያ ሁለተኛው እንጨት ምን ቆሞ ይጠብቃል?»

ሙጬ ዓይኑን ወደ ሐይቁ መለሰ።

ያን ጊዜ ቄስ ገብረሰንበት የሣር ገሳቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ አቀበቱን ወጡ። ናዳውን ሰምተው ሊያዩ ነው የመጡ።

«እግዚኦ ማረነ!» አሉ ሐይቁን እያዩ። «ማሽንህ ምን ይላል፣ እጅጉ?»

«ምን ይበል አባ፤ እርስዎ ገዝተውታል።»

ቄሱ ነገሩ ገባቸው። ወደ ሙጬ ዞሩ።

«አቻምየለሽ ታች ናት?»

«አዎን አባ።»

«ልጁስ?»

«ከእናቱ ጋር ነው።»

«ሙጬ፣ በሬህ በገብርኤል ዕለት ገደል ላይ ቢንጠለጠል ምን ታደርጋለህ?»

«እስበዋለኋ!»

«እኔን ጠይቀህ?»

«ኧረ አባ! እርስዎን ስፈልግ በሬው አይወርድም?»

«አየህ፣ ለበሬ ሲሆን ሊቅ ነህ።» ገሳቸውን አውልቀው መሬት ጣሉና ከሣጥኑ ፊት ተንበረከኩ። «ያሰርሁ እኔ ነኝ፤ የምፈታም እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይፍታ! ኃጢአት ቢሆን በኔ ይቁጠረው።» እጀታውን በሁለት እጃቸው ይዘው አንድ ዙር አዞሩት። በሁለተኛው ዙር ክንዳቸው ደከመና እጀታው ቆመ።

«ይልቀቁ አባ፣ እጅዎን ይሰብራል!» ሙጬ ጋቢውን ወርውሮ ዘለለ። «ይኸ የርስዎ ሥራ አይደለም!»

ማሽኑ ወዲያው አጉረመረመ። እጅጉ መምቻውን ያዘ። ለዚህ ቀን ነበርና በየዕለቱ የተለማመደው፣ ምቱ እንደ ሰው ንግግር ጥርት ብሎ ወጣ። *ጋራ ተንዷል። ላህ ከላይ ተደፍኗል። ጎርፍ ይመጣል። ሰው አይሻገር። በበዓል የመላክ ግዝት ተፈትቷልና መልሽ።*

ጥቂት ቆየ። ከዚያ የንግሥቴ ምት መጣ፤ አጎቷ ተስፋው ሲያዞርላት ትንሽ እየተቆራረጠ። እጅጉ እየሰማ ጮክ ብሎ ተረጎመው።

«ከአፋፉ ጮኼ ነገርኋቸው። የሚያምነኝ የለም። ሊመለሱ ማዶ ወንዙ ዳር እየወረዱ ነው። ገብርኤል የከፈለውን ንግሥቴ ልትዘጋ ነው ይሉኛል። ይስቁብኛል።»

«ይስቃሉ?» አሉ ቄሱ። ቀና አሉ፤ ድምፃቸው ቅዳሴ ላይ እንደሚሆነው ሆነ። «ላክ እንግዲያው! እኔ የሰከላው ገብረሰንበት፣ በአፈ ጴጥሮስ በአፈ ጳውሎስ፣ እስክፈታው ድረስ ላህን የተሻገረ የተገዘተ ይሁን ብያለሁ በል!»

የቄሱ ግዝት ከላህ ወዲያም ቢሆን ይፈራል። ግማሹ አገር ንስሐ የገባ እሳቸው ዘንድ ነው። እጅጉ ግን መምቻውን እንደያዘ ቀና አለ።

«አባ፣ ግዝት በሬዲዮ ይደርሳል?»

«ቃል ነው እንጂ ጭነት ነው? ወይስ በአህያ ልላከው?»

«ጣልያኖቹ ቢሰሙስ?» አለ ሙጬ እያዞረ፣ ላቡ ባፍንጫው እየተንጠባጠበ።

«ይስሙ! እነሱም አይሻገሩ!»

እጅጉ እየሳቀ ላከው። ጆሮውን ወደ ማሽኑ አስጠጋ። የንግሥቴ ምት ሲመጣ አንዲት ቃል ነበረች።

«ቆሙ።»

ቆይቶ ከታች፣ ተራራ ያዛጋ የሚመስል ድምፅ መጣ። ሦስቱም ወጡ። ውኃው የናዳውን አናት ሲያልፍ መጀመሪያ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር፤ ከዚያ ክሩ ገመድ፣ ገመዱ የተከፈተ በር ሆነ። ያ ሁሉ አፈር ከነዛፉ ተነሥቶ በወንዙ መሄጃ ወረደ። የኮሶው ዛፍ ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ሲሄድ አዩት።

ሙጬ ተመልሶ ገብቶ ማዞር ያዘ።

«አሁን እኮ የምልከው የለኝም» አለው እጅጉ።

«አንተ አዳምጥ። እኔ ላዙር።»

አልከለከለውም። ፀሐይ ወደ ቡሬ ማዘንበል ስትጀምር ምቱ መጣ፤ ይኸኛው ፈጣን ነበር፣ የእጇ ደስታ ያስታውቃል።

«ውኃው መጣ። መሻገሪያው ላይ ያለው ትልቁ ዋርካ ሄደ። ሰው ግን አልነካም፤ ሁሉም ማዶ አፋፉ ላይ ነው። አቻምየለሽን ከዚህ አያታለሁ። ልጁን ታቅፋለች። ይጮኻል መሰል፣ አፉ ተከፍቷል።»

«ይጩህ!» አለ ሙጬ። እጀታውን ለቀቀና መሬት ላይ ተዘረጋ። «ይጩህ የኔ ጌታ፣ ይጩህ!» ቄሱ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ፤ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ማንም እንዳያይ።

በማግሥቱ ንግሥቴ እንደ ገና ጠራች።

«ላህ ጎደለ። ሰዉ ግን ከጉልበት አያልፍም ቢባልም አልሻገር አለ። ትናንት ማዶ ያደሩ ሁሉ ማዶ ናቸው። የሰከላው ቄስ ይፍቱን ይላሉ።»

እጅጉ ሳቁ አሸነፈው። ሙጬ ግን አልሳቀም፤ ቁልቁለቱን እየዘለለ ወረደ። ቄሱ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር።

«አባ፣ ይፍቱልኝ! ሚስቴን ሰው ቤት አስቀርተዋታል!»

«ዳዊቴን ልጨርስ።»

«መንገድ ላይ ይጨርሱታል!» ብሎ አዘላቸው። ቄሱ ጀርባው ላይ ሆነው አንድ መዝሙር ሲጨርሱ አቀበቱ አለቀ። ሲያወርዳቸው ቆባቸውን አስተካከሉና፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ «እግዚአብሔር ይፍታችሁ በላቸው» አሉ።

ሙጬ ሳይታዘዝ እጀታው ላይ ነበር። እጅጉ ላከ። ንግሥቴ መለሰች።

«እልል ይላሉ። መሻገር ጀመሩ።»

«ቀስ ብላ ትሻገር በላት» አለ ሙጬ። «ከጎርፍ በኋላ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ልጁን ባንቀልባ ታጥብቀው።»

«ይኸንንም ልላከው?»

«ላከው እንጂ! ወፍጮው የማን ሆነና?»