የጠዋት ናሙና

ታሪኩ አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ነገር አያምንም። ላፍቶ አካባቢ ባለ ቀለም ፋብሪካ ስድስት ዓመት በጥራት ተቆጣጣሪነት ሠርቷል፤ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ደግሞ ሌሊት ፈረቃ ብቻ። ስለዚህ ጀሞ ካለ ክሊኒክ የወንድ ሆርሞኑ መጠን 214 ነው የሚል ወረቀት ሲሰጡት፣ ከመደንገጡ በፊት ጠረጠረ።

«ዝቅተኛው ወሰን ሦስት መቶ ነው» አለች ዶክተር ሜሪ። «ድካሙም፣ ፍላጎት ማጣቱም ከዚሁ ሊሆን ይችላል። መርፌውን ብንጀምር ለውጡን በቅርቡ ያዩታል።»

«መርፌው የሚሸጠው የት ነው?»

«እዚሁ።»

ታሪኩ ወረቀቱን በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተ። እዚሁ ይለካል፣ እዚሁ ይጎድላል፣ እዚሁ ይሸጣል። «አስቤበት እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ።

ቤቱም ውስጥ ጥርጣሬ አልጠፋም። ሚስቱ ዶርቃ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሞላቸው፤ ልጅ ይፈልጋሉ፣ ልጅ ግን አልመጣም። ከቅርብ ወራት ወዲህ ደግሞ ታሪኩ ወደ እሷ መዞሩን ትቷል። የጸሎት ኅብረቷ እኅቶች «ጌታ ጊዜ አለው» ሲሏት አሜን ትላለች፤ ቤት ስትገባ የባሏን ሸሚዝ ታሸታለች። ከቀለም በቀር ምንም አይሸትም። ይህም አላረጋጋትም።

«ቀኑን ሙሉ ተኝተህ ትውላለህ፣ እሁድ እንኳ ደከመኝ ነው» አለችው። «ጉልበትህን የት አድርሰኸው ነው?»

«ሥራ ላይ።»

«ሥራህ የቀለም ናሙና ማየት አይደል እንዴ? ድንጋይ ትፈልጣለህ?»

ስለ ወረቀቱ አልነገራትም።

የነገረው ለጆኒ ነው። ጆኒ የሰፈሩ ጂም አሠልጣኝ ነው፤ ክንዱ የሌላ ሰው ጭን ያክላል።

«ተወጋዋ አቦ! ምን ያስፈራሃል?» አለው። «እኔ ስወጋው ሁለት ዓመቴ። አንበሳ ነው የምትሆነው!»

«ልጅ አላችሁ?»

ጆኒ ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። «እሱ እንኳ… የሚስቴ ችግር ይመስለኛል።»

ታሪኩ መልሱን ልቡ ውስጥ መዘገበው።

በማግስቱ ፈረቃው ሊያበቃ ሲል የሥራ ባልደረባው ሃምዛ ናሙና ይዞ መጣ። ቀለሙ ቀጥኗል፤ ጭነቱ ይመለስ ማለት ነው።

«ከየት ቀዳኸው?» አለ ታሪኩ።

«ከበርሜሉ አፍ።»

«ተማስሎ ነበር?»

«አልተማሰለም፤ ሌሊቱን ቆሞ ነው ያደረው።»

«እንግዲያማ የቀዳኸው ውሃውን ነው። ወፍራሙ ታች ዘቅጧል» ብሎ ሊቆጣ ሲል ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። የራሱ ደም ትዝ አለው። የመውጫ ካርዱን ፈርሞ በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ሄደ።

«ደሜ የተቀዳው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት» አለች ዶክተር ሜሪ መዝገቡን አይታ። «ሆርሞኑ ከፍ የሚልበት ትክክለኛ ሰዓት ነው።»

«ለማን?»

«እንዴት ለማን?»

«እኔ አንድ ሰዓት ላይ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ ዓይኔን ሳልከድን ነው የመጣሁት። ለሌላው ሰው ጠዋት ይሁን እንጂ ለእኔ ማታ ነበር።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሆርሞኑ ጠዋት ከፍ የሚለው ሰውየው ተኝቶ ሲያድር እንደሆነ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደም መጠኑን አሳንሶ ሊያሳይ እንደሚችል ነገረችው። «በአንድ ምርመራም መወሰን አልነበረብኝም። ቀን ለስንት ሰዓት ይተኛሉ?»

«ስምንት።»

«ለክተውታል?»

ታሪኩ አፈረ። የፋብሪካ ቀለም ሲለካ የኖረ ሰው የራሱን እንቅልፍ ለክቶ አያውቅም።

«ሌላም ያልጠየቅኩዎት ነገር አለ» አለች። «ልጅ ይፈልጋሉ?»

«በጣም።»

«እንግዲያው መርፌው ለእርስዎ አይሆንም። ኃይል ይሰጥ ይሆናል፤ የዘር ፍሬውን ግን ሊያደርቀው ይችላል።»

ታሪኩ ጆኒንና ስልኩን አሰበ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ያዘ። የተኛበትን፣ የነቃበትንና የቀሰቀሰውን ሰው በደቂቃ ይጽፋል። በኮንዶሚኒየም ቀን ቤቱ የሚውል ሰው ሥራ እንደ ፈታ ይቆጠራል። ከታሪኩ በር ጀርባ የሰባት ጎረቤት ቁልፍ ተሰቅሏል። ውሃ ስትመጣ የሚሞላው እሱ፣ ለቆጣሪ አንባቢ በር የሚከፍተው እሱ፣ ሲዘንብ የሰው ልብስ ከገመድ የሚያነሳው እሱ ነው። አልጋው ላይ ጋደም ባለበት ሰዓት ሁሉ የተኛ ይመስለው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩን ዶርቃ አገኘችው።

«ሰኞ፦ 3:05 ተኛሁ። 4:20 አስቴር። 6:10 አስቴር።» ጮክ ብላ አነበበች። «ረቡዕ፦ 5:00 አስቴር፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። ሃያ አምስት ደቂቃ! ትጽፈዋለህ ደግሞ?»

«አራተኛ ፎቅ ያለችው አስቴር እኮ ናት! ጋዝ ሲሊንደር አወጣሁላት።»

«ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ?»

«ሲሊንደሩም ሙሉ ነበር።»

ዶርቃ ለመሳቅም ለማልቀስም እያመነታች ገጹን ገለጠች። ግርጌው ላይ በቀይ «አማካይ እንቅልፍ፦ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ» ይላል። ያኔ ታሪኩ የክሊኒኩን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት፤ ሁሉንም ነገራት።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«ቁጥሩን ስላላመንኩት።»

«እኔንስ?»



በማግስቱ ዶርቃ ሰባቱን ቁልፎች ከምስማሩ አውርዳ በየበሩ መለሰች።

«ምነው፣ ታሪክዬ ሊሄድ ነው?» አለች አስቴር።

«አይ፣ ሊተኛ ነው።»

«በቀን?»

«በቀን።»

ታሪኩ ወደ ቀን ፈረቃ እንዲዛወር ማመልከቻ አስገባ፤ እስኪወሰን የዓመት ፈቃዱን ወሰደ። ሌሊት እየተኛ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ደሙን ሰጠ። 331።

«ተመስገን!» አለች ዶርቃ።

«ቆይ፣ ሁለቱ ቁጥሮች አልተስማሙም። ሦስተኛ ናሙና ያስፈልጋል።»

በሦስተኛው ናሙና ቀን ማንም ሳይቀሰቅሰው ነቃ። ከመጋረጃው ውጭ ገና መንጋቱ ነው። ዞሮ እጁን ዶርቃ ትከሻ ላይ አሳረፈ። አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችው።

«ደከመኝ አላልክም» አለች በጥርጣሬ። «ምን ፈልገህ ነው?»

«ክሊኒኩ እስኪከፈት ሁለት ሰዓት ተኩል አለን።»

«ይህንንም በደቂቃ ልትጽፈው ነው?»

ታሪኩ ራስጌው ላይ ያለውን ደብተር በእጁ ገፍቶ መሬት ላይ ጣለው።