ያው ሰውዬ የሌለበት ዓለም

ወይስ ደሴቶቹ ይሻላሉ፣ ወይ በረዶ የዋጠው ከተማ፣ ወይ ደግሞ ሰዎቹ ከምድር በታች የሚኖሩበት ያ ጨለማ አገር፣ ሦስቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አንዱን ያነሳል ሌላውን ይጥላል፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ እህቱ፣ ፋርማሲስቷ ጓደኛዋ፣ ረጅሙ ሾፌር፣ ዙሪያውን ተቀምጠው የዛሬው ዓለም የቱ ነው ይሉታል። ጨዋታው እንዲህ ነው፣ እሱ ዓለሙን ይፈጥራል፣ እነሱ አንዱ ሌባ አንዷ ጠንቋይ ሆነው ይኖሩበታል፣ የሚሳካውንና የማይሳካውን የሚወረወረው ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ይወስናል። ቅዳሜን ቅዳሜ የሚያደርግለት ይኸው ነው። ሌላ ምን አለው።

ደክሞታል። ሳምንቱን ሙሉ መዝገብ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የሠራውን ካርታ ሲያጣጥፍ ነው የከረመው፣ በማዕረግ የተመረቀ ካርታ አጣጣፊ፣ ይሁን።

ደሴቶቹ። ባሕር አለ፣ መርከብ አለ፣ ግን መካከለኛዋ ደሴት ላይ እጁ ሳያስበው ግንብ ሥሏል፣ በረዶው ከተማ ላይም ግንብ፣ ከምድር በታችም ግንብ፣ ምን ዓይነት ልክፍት ነው፣ ውስጡ ሰውዬው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቁጭ ብሏል፣ አንዴ ንጉሥ፣ አንዴ ዘንዶ። ባለፈው እህቱ ጫማዋን እያሰረች፣ ስማ ወንድሜ፣ በየሄድንበት ዓለም ያው ሰውዬ ነው የሚጠብቀን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ካገኘሁት እኔ አልመጣም፣ አለችው፣ ቀልድ መስሎት ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። እሷ ከቀረች ሌሎቹም ይቀራሉ።

ምን ታድርግ፣ እሷ መቼ ሁለት ዓመት ሙሉ ጭቃ ውስጥ ቆመች፣ ወንዙን የለካው እሱ፣ ወባ የያዘው እሱ፣ ጥናቱ ሲታተም ሽፋኑ ላይ የወጣው ግን የአማካሪው ስም፣ የዚያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅለው ፕሮፌሰር፣ እሱስ የት አለ፣ ምስጋናው ላይ፣ ከጸሐፊዋና ከጥበቃው ቀጥሎ። ትምህርት ክፍሉ በሙሉ ያውቅ ነበር፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። አሥራ አራት ዓመት። እርሳው ይሉታል፣ ጃንጥላ ነው እንዴ የሚረሳው።

ግን ያለፈው ቅዳሜ። የሚከነክነው እሱ ነው። ሦስቱም ግንቡ ድረስ ወጡ፣ አሁን ሰይፍ ይመዛሉ ሲል ፋርማሲስቷ በዚያች ቀስ ባለች ድምጿ፣ አንገድለውም፣ የሰረቀውን መጽሐፍ እንዲመልስ እንጠይቀው፣ አለች፣ ይጠየቃል እንዴ እሱ፣ ዳይሱን ከካርቶን ከለላው ጀርባ ወረወረ፣ እነሱ አያዩም፣ ደንቡ ነው፣ ሃያ ወጣ፣ ከሃያው ፊት ትልቁ፣ ሰውዬው ተጸጽቶ መጽሐፉን ይመልሳል ማለት ነው። ሦስት ነው፣ ሳቀባችሁ፣ አላቸው። የወጣውን ውጤት ደብቆ የፈለገውን ጻፈ። ይሄን ሥራ ከማን ተማረው።

በሩ ይንኳኳል። አልመረጠም፣ ወረቀቶቹን ይገለብጣል፣ ጀርባቸው ነጭ ነው፣ አንዱ ላይ ወንዝ ይሥላል፣ ወንዝ ብቻ፣ የት እንደሚታጠፍ እጁ ያውቀዋል። ይገባሉ፣ ሾፌሩ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ፣ ጌታው፣ ዛሬ ደግሞ የት ልታስገድለን ነው፣ እያለ፣ እህቱ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወረቀቱን ታያለች፣ ግንቡስ፣ ትላለች።

የለም፣ የቀረውን እናንተ ሥሩት፣ ይላል፣ ደግሞ ያለፈው ቅዳሜ የወጣው ሦስት አይደለም። ሃያ ነው።

ሾፌሩ ጣሪያ ጣሪያ ያያል፣ ፋርማሲስቷ ከጀርባው ወዳለው ቁምሳጥን በአገጯ ታመለክታለች፣ የቁምሳጥኑ በር መስታወት ነው፣ እሱ ሁልጊዜ ጀርባውን ሰጥቶት ይቀመጣል።

እናውቃለን፣ ትላለች፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዳይሱ በመስታወቱ ይታየናል።

ፊቱ ይግላል፣ ያውቁ ነበር፣ እነዚህም ያውቁ ነበር፣ ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሌሎች ሰዎችን ሊጠይቅ የፈለገው ጥያቄ ነው፣ ከአፉ ሲወጣ ግን እንዳሰበው አይጮኽም።

እስክትነግረን ነዋ፣ ትላለች እህቱ፣ ካፖርቷን አውልቃ ወንበር ላይ ትጥልና እርሳሱን ከእጁ ትወስዳለች፣ ወንዙ ላይ ድልድይ ትሥላለች፣ ጠማማ፣ እንዲያ ያለ ድልድይ እንዲህ ባለ ወንዝ ላይ አንድ ክረምት አይሻገርም፣ ሊናገር አፉን ይከፍታል፣ ይተወዋል። የካርቶኑን ከለላ ያነሳል፣ በመታጠፊያው በኩል ያጥፈዋል፣ እንደገና ያጥፈዋል፣ ማጠፍ መቼም ያውቅበታል።